የግንቡ ገበር

ሚስማሬ ላይ አንድ ኮት አለ፤ ግራጫ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ፤
«ማክሰኞ እወስደዋለሁ» አለኝ ሰውዬው፤ ስንት ማክሰኞ ሲያልፍ!
ስሙን ከአንገትጌው ሥር በጠመኔ ጽፌ ነበር፦ «ቀጸላ»፤
ጠመኔው በነነ። ኮቱ ቀረ፣ ከመኪናዬ ኋላ።

መኪና ግርግር ነው ሱቄ፤ መርፌው ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ
ሰው ቀጠሮውን ይረሳል፤ ልብስ ግን የት ይሄዳል፣ የት ይምጣ?

አሮጌ ገበሩን ስተረትር፣ የተቀደደ ኪስ ያሾለካት
አንዲት ጥቅል ወረቀት ወደቀች፤ አነሣኋት፣ ነቀነቅኋት፤
ውስጧ ዘር ነው፤ እንደ ሱረት የደቀቀ፣
አስነጥሼ ቢሆን ኖሮ ማሳው ሁሉ አለቀ።

መምህር ረምዚ መነጽሩን ወልውሎ፣ ወረቀቱን አቅርቦ፣
«ዓመት ዓመት የሚኖር ነው» አለ፣ የፈረንጁን ጽሑፍ አንብቦ፤
«ቅጠሉን አይጥልም፤ ቁመቱ ስንዝር አይሞላም፤
ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል፤ ብዙ አፈር አይበላም፤
አበባው ደወል ይመስላል፤ በበጋ ያብባል።»
በበጋ። እንደዚያ ነው ያለኝ። ሰው በአንድ ቃል ስንት ይደክማል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰፍቼ እንጂ ዘርቼ አላውቅም።
ግቢዬ ሲሚንቶ ነው፤ ጀጎል ውስጥ መሬት ለሰውም አይበቃም።
ያለኝ ከነጂሓ ጋር የሚያዋስነን ያልተለሰነ ግንብ ነው፣
ድንጋዩ ከድንጋይ ያልተጋጠመ፣ እንዳልተዘመዘመ ጠርዝ ነው።
ዘሩን ከአሸዋ ቀላቅዬ በእርጥብ አፈር ለወስኩት፤
በኮት መርፌ ጫፍ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ስንጥቁ ውስጥ ጎሰጎስኩት።

ውሃ በተራ ነው፤ ቧንቧው ሲያስል ጀሪካን ይዘን እንሮጣለን፤
ለአበባ ከየት ይምጣ?
ነጂሓ ናት ያኖረችው፤ ለሶላት ታጥባ ስታበቃ
ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ የቀረችውን ትረጨው ነበር፣ ገና ስትነቃ።
«የኔ ትራፊ ነው» ትለኛለች፤ «ያንተ ግን የሰው አደራ።»

ኅዳር አለፈ። ታኅሣሥ። ለጥምቀትም ጠበቅሁት።
ቅጠል ብቻ። ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል፣ ድንጋዩን የሙጥኝ ያለ አረንጓዴ፤
ሐኪም ጋራ እንኳ ሲገረጣ፣ እሱ አልገረጣም አንዴ።
የካቲት። መጋቢት። ደወል የለም።
«ተታለልክ» አለኝ መንገደኛው ሁሉ፤ «አረም ነው፤ አረም ደግሞ አያፍርም።»

አንድ ማታ ልነቅለው መቀሴን ይዤ ወጣሁ፤
ከፈላና በር ማዶ የጅብ ሳቅ ሰማሁ፤
ቅጠሉን ዳሰስኩት፦ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ እንደ ሕጻን ጆሮ።
ተመልሼ ተኛሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ሐምሌ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባደረ ማግስት
ነጂሓ በማንቆርቆሪያ ክዳን ግንቡን መታችው፦ «አንተ! ውጣና እይ!»
ወጣሁ፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ።
ሰማያዊ! ከየስንጥቁ አንገቱን ደፍቶ የተንጠለጠለ፣
አፉ ወደ ምድር፣ ጀርባው ለዝናብ፣ ሆዱን ከጠብታ የከለለ።

«ደወል» አልኩ። «የማይጮህ ደወል?» አለች፤ «ኮፍያ ነው እንጂ፣
ለጉንዳን ልጆች የሰፋኸው፤ አጥበው የሰቀሉት ለዒድ ደጅ።»

ረምዚ መጣ፤ ወረቀቱን ደግሞ አየ፤ ግንባሩን መታ፦
«የነሱ በጋ ለካ የኛ ክረምት ነው! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታ!»
ዘጠኝ ወር ሙሉ ስወቅሰው፣ እሱስ ቀጠሮውን መች አፈረሰ?
እኔ ነኝ ቀድሜ የቆምኩት፤ እሱ በራሱ ሰዓት ደረሰ።

ኮቱን አቧራውን አራግፌ መልሼ ሰቀልኩት፤
ማን ያውቃል፣ የቀጸላን ማክሰኞ በኔ ማክሰኞ ቆጠርኩት።
ከመጣ፣ «ኮትህ ዝግጁ ነው» እለዋለሁ፤ «ኪሱን ሰፍቼዋለሁ፤
ከኪስህ የወደቀውን ግን አልመልስም፤ ለግንብ ሰጥቼዋለሁ።
ና፣ ጎንበስ በል፤ ቆመህ አይታይም።»

ትናንት ደግሞ ነጂሓ ከወዲያኛው ጠራችኝ።
ሥሩ ድንጋዩን አልፎ በሷ በኩል አንዲት አብባ አሳየችኝ፤
«ስፌትህ ላልቷል» አለች እየሳቀች፤ «ገበሩ ወጣ።»